የውሻ አመራረጥ እና ጡረታ የወጣ የሩጫ ውሻ በአዲስ አበባ ዳር ዳር

ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ አካባቢ ቤት የሰራ ሰው ከአጥሩ ቀጥሎ የሚያስበው ውሻ ነው፣ ማታ ጅብ አለ ሌባም አለ። አብዛኛው ግቢ ውስጥ ያለው የሀበሻ ውሻ ነው፣ ብርዱን የለመደ፣ ትርፍራፊ በልቶ የሚያድር፣ ሁዳዴንም ከባለቤቱ ጋር አብሮ የሚጾም። ብር ያለው ጀርመን ሼፐርድ ይገዛል፣ ንፁህ ዘር ተብሎ የተገዛው ቡችላ ግን አንዳንዴ ዓመት ሞልቶት ጆሮው አልቆም ይላል።

ውጭ ሀገር ያሉ ዘመዶቻችን የሚያወሩት ደግሞ ሌላ ነው፣ ጡረታ የወጣ የሩጫ ውሻ ማሳደግ። ውሻው ግሬይሃውንድ ይባላል፣ በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። በማሽን የሚጎተት የውሸት ጥንቸል እያሳደዱ መወዳደር የተጀመረው አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1919 እ.ኤ.አ ነው፣ በ1926 ማንቸስተር ገባ። የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ግን በ2018 እ.ኤ.አ ህዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ውድድሩ እስከ 2020 መጨረሻ እንዲቆም አደረገ፣ ያኔ ለብዙ ውሻ ቤት መፈለግ ግድ ሆነ። ውሻው ሩጫ የሚያቆመው ገና ከ2 እስከ 5 ዓመቱ ነው፣ እድሜው ደግሞ ከ10 እስከ 13 ስለሚደርስ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ውሻው ሯጭ ስለሆነ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያሯሩጡት መዋል ያለባቸው ይመስለዋል፣ ኧረ እቴ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ነው የሚውለው፣ በቀን ሁለቴ ወጣ ብሎ መመለስ ይበቃዋል። ከሌሎች ውሾች ጋር በረት ስላደገ ደረጃና የመስታወት በር መጀመሪያ ግራ ያጋባዋል፣ ማደንዘዣም ላይ አንዳንዱ መድኃኒት ከሰውነቱ ቶሎ አይወጣም፣ ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት።

እኛ ጋር የውሻ ውድድር ስለሌለ ጡረተኛም የለም፣ ቢኖር እንኳ ከእንጦጦ ጀርባ በሐምሌ ብርድ ውጭ ማደር አይችልም፣ ቆዳው ስስ ነው ስብም የለውም። ብዙ አይጮህም፣ የጎረቤት ዶሮና በግ ካየ ደግሞ ጉድ ነው።

ሀሳቡ ግን ለኛም ይሰራል፣ ያደገ ውሻ መውሰድ። ኮንዶሚኒየም የገባ ጎረቤት በር ላይ ጥሎት የሚሄደው ውሻ ቁመቱም ጠባዩም የታወቀ ነው፣ ከልጅ ጋር ይስማማል አይስማማም ሰፈሩን ብትጠይቁ ይነግራችኋል፣ ቡችላ ላይ ይሄ ሁሉ ግምት ነው። ስትወስዱት ቀድማችሁ የእብድ ውሻ ክትባት አስወጉት፣ በየዓመቱም ይደገማል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደግሞ ማታ በሩን ዝጉ፣ ካመለጠ ቀጥ ብሎ ድሮ ግቢው ነው የሚሄደው።