የካራቴ ተማሪ ፊልም በትንሽ በጀት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ወይም ኮዬ ፈጬ አካባቢ ስለ አንድ ወጣት ካራቴ ተማሪ ፊልም ለመሥራት የሚነሳ ቡድን ሒሳቡ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ልጁ ጥቁር ቀበቶ ካለው፣ ካሜራው ደህና ከሆነና ሜዳው በነጻ ከተገኘ ሌላው ይደርሳል ይባላል። አይደርስም። ችግሩ የገንዘብ እጥረት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ብር ያለውም እዚያው ቦታ ላይ ይሰናከላል። ቀረጻ ላይ ደጋግመው የሚሰሙት አባባሎች እነዚህ ናቸው።

«ተዋናዩ እውነተኛ ካራቲስት ከሆነ ድብድቡ በራሱ ያምራል»

ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የሚያባክነው ይሄ ነው። ዶጆ (የካራቴ መለማመጃ አዳራሽ) ውስጥ ጥሩ ቡጢ የሚባለው አነሳሱ የማይታይ፣ በአጭሩ መንገድ ሄዶ ወዲያው የሚመለስ ነው። ካሜራ ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል። ተመልካቹ ክንዱ ሲነሳ ማየት፣ ወዴት እንደሚሄድ መገመት፣ ሲደርስም ለአፍታ ማየት አለበት። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲቀረጽ የአንድ ፈጣን ተወዳዳሪ ቡጢ ከአራት ከአምስት ፍሬም ላያልፍ ይችላል፤ ዓይን ሳይይዘው ያልቃል። ስለዚህ ልጁ የሚለማመደው የሚያውቀውን ማስፋት ነው፦ ቡጢው ከመነሳቱ በፊት ትከሻና ዳሌን ትንሽ ወደ ኋላ መሳብ፣ ክንዱ ሲዘረጋ ግማሽ ሰከንድ ያህል እዚያው ማቆየት። ጎበዝ ተማሪዎች ይህን ሲታዘዙ ቅር ይላቸዋል፤ ለዓመታት «አታሳይ» ሲባሉ የኖሩ ናቸውና። የተቀረጸውን ወዲያው ማሳየት ከማስረዳት ይሻላል።

በሌላ በኩል ካራቴ የማያውቅ ተዋናይ ጭራሽ አይሆንም የሚሉም ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው ታዋቂው የአሜሪካ የካራቴ ተማሪ ፊልም መምህሩን ሆኖ የተጫወተው ፓት ሞሪታ ካራቲስት አልነበረም፤ ከባዱን እንቅስቃሴ እሱን ተክቶ የሠራለት ፉሚዮ ዴሙራ ነው። ከጀርባና ከሩቅ የሚታየውን ተተኪው፣ ፊት የሚታይበትን ተዋናዩ ይሠራዋል። ቁመትና የፀጉር ቁርጥ ይመሳሰሉ እንጂ ሌላው ይሸፈናል። ማጅራት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ተመልካች የሚነቃው ብዙ ጊዜ በማጅራት ነው።

«ቡጢው ትንሽም ቢሆን ካልነካ ያስታውቃል»

የሚያስታውቀው ክፍተቱ ከጎን ሲታይ ነው። መቺው፣ ተመቺውና ሌንሱ በአንድ መስመር ላይ ሲቆሙ፣ ማለትም ካሜራው ከተመቺው ወይም ከመቺው ትከሻ ጀርባ ሲሆን፣ በቡጢውና በአገጩ መካከል ያለው 20 እና 30 ሳንቲሜትር ከዓይን ይሰወራል። ካሜራውን ወደ ጎን አንድ እርምጃ ብቻ ቢያንቀሳቅሱት አየሩ ወለል ብሎ ይታያል። ከጎን ዞሮ የሚመጣ ቡጢ ወይም ማዋሺ ጌሪ (ክብ እርግጫ) ከሆነ እጁ ወይም እግሩ በሌንሱ እይታ ፊትን አቋርጦ ማለፍ አለበት፤ ፊት ሳይደርስ የሚቆም ክብ ምት ከየትም ቢቀረጽ ውሸትነቱ ይታወቃል።

ሌንሱም ለውጥ ያመጣል። ከ4 ወይም ከ5 ሜትር ርቀት በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲቀረጽ ሁለቱ ሰዎች የተጠጋጉ ይመስላሉ። የስልክ ዋናው ሌንስ ሰፊ ስለሆነ የሚሠራው ተቃራኒውን ነው፣ ክፍተቱን ያጎላዋል። ስልኩ ለርቀት የተሠራ ሁለተኛ ሌንስ ካለው በእሱ ራቅ ብሎ መቅረጽ ነው።

ምቱን የሚሸጠው ደግሞ ተመቺው ነው። ዋናው ጥፋት ቀድሞ መደንገጥ ነው፤ ቡጢው ገና ሲነሳ ጭንቅላቱ ይዞራል። መዞር ያለበት ቡጢው በአፍንጫው ፊት በሚያልፍበት ቅጽበት ነው፤ መጀመሪያ አገጭ፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ መጨረሻ እግር። ይህ የሚስተካከለው በቀስታ ልምምድ ነው፦ በሩብ ፍጥነት ሳይሳሳቱ እስኪዘልቁት፣ ከዚያ በግማሽ፣ ከዚያ በሦስት አራተኛ። ካሜራ ሲከፈትም እዚያው ሦስት አራተኛ ላይ ይቆዩ። በሙሉ ኃይል የሚሠራ ሰው ርቀት ይስታል፤ ጥርስ የሚወልቀውም ያን ጊዜ ነው። በአንድ ሾት ከአምስት እስከ ሰባት ምት ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን አንዱ ይረሳል፣ ሌላው ያልተባለውን ይመታል።

«ፍጥነቱን ኤዲቲንግ ላይ እናመጣዋለን»

በትንሹ ይቻላል። ምስሉን እስከ አስር በመቶ ማፍጠን ብዙም አይነቃም። ሲበዛ ግን ልብሱና አቧራው ያጋልጣሉ፤ የሚወድቅ ሰው እንደ ድሮ ድምፅ አልባ ኮሜዲ ይሆናል። የተሻለው ዘዴ ሆንግ ኮንጎች የለመዱት ነው፦ በምቱ ላይ ቆርጦ ወደ ሌላ ሾት መሄድና አዲሱን ሾት ከሁለት ሦስት ፍሬም ወደ ኋላ መጀመር። ዓይን መደጋገሙን አያየውም፣ ምቱ ግን ይከብዳል። ለዚህ ያንኑ እንቅስቃሴ ከሁለት ቦታ መቅረጽ ግድ ነው፤ ኤዲተሩ ካልተቀረጸ ነገር ምት አይፈጥርም።

የመብራታችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ 25 ፍሬም ከ1/50 ወይም ከ1/100 ሰከንድ ሻተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ጋር ነው የሚስማማው፤ በሌላ ሻተር በአምፖል ብርሃን ጥቁር መስመር ይንሸራሸራል። 1/100 ምቱን ሰላ ያደርገዋል። ስሎው ሞሽን የሚፈለግ ከሆነ ውጭ በፀሐይ ይሁን። ስልኩ በራሱ መንገድ ከተተወ የፍሬም ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ ድምፅና ምስል ይለያያሉ፤ ፍጥነቱንና ብርሃኑን በሚቆልፍ አፕ መቅረጽ ይሻላል።

«ድምፁን ካሜራው ይይዘዋል»

በጀት ትንሽ ሲሆን መጀመሪያ የሚቀነሰው ድምፅ ነው። ይሄ ፍርድ ተገላቢጦሽ ነው፤ ተመልካች ደብዛዛ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። ከከተማ ዳር ሜዳ ደግሞ ጸጥታ የለም። ባጃጅ አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያና አዛን አለ፤ የሁለቱን ሰዓት ቀድሞ ጠይቆ መርሐ ግብሩን በዚያ መሥራት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ዶጆ ሲደረግ ዝናብ ባይኖርም ሌላ ጣጣ አለ። ፀሐይ ከደመና ወጥታ ጣሪያውን ስታሞቀው ቆርቆሮው ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ስትገባም ይደግመዋል። በጆሮ ብዙም አይሰማም፤ ማይክ ላይ ግን በየንግግሩ መሀል ይገባል። ንግግሩን ማለዳ፣ ጣሪያው ሳይሞቅ መጨረስ ይበጃል።

የካራቴ ልብስ ውስጥ የተደበቀ ትንሽ ማይክ ጠንካራው ጨርቅ እየፈተገው ያንኮሻኩሻል። ከራስ በላይ 50 ወይም 60 ሳንቲሜትር ላይ በዘንግ የተያዘ ማይክ ይመረጣል። ቦታ ከመልቀቅዎ በፊት ሁሉም ዝም ብሎ የቦታውን ድምፅ አንድ ደቂቃ ይቅረጹ፤ ኤዲተሩ ቀዳዳውን የሚደፍነው በዚያ ነው።

የምት ድምፅ ቀረጻ ቦታ ላይ አይገኝም፣ በኋላ ነው የሚሠራው። አንድ ጥሩ ቡጢ ሦስት ድርብ አለው። አየሩን ለመሰንጠቅ ቀጭን አርጩሜ ማይኩ አጠገብ ማወናጨፍ፤ ለልብሱ የጊውን (የካራቴ ልብሱን) እጅጌ ይዞ በኃይል መንቀል፤ ለሥጋው በትራስ ላይ የታጠፈ የቆዳ ጃኬት መምታት። አጥንት የሚሰበር ከሆነ ሸንኮራ አገዳ ይሰበራል። ሦስቱም ቡጢው በደረሰበት ፍሬም ላይ ይግቡ፤ ሁለት ሦስት ፍሬም ከዘገዩ ምቱ ይሞታል።

«ነጭ ልብስ ለቀረጻ ቀላል ነው»

ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ ላይ የቀትር ፀሐይ ነጩን ጊ ወረቀት ያስመስለዋል፤ እጥፋቱ ሁሉ ይጠፋል፣ የልጁ ፊት ደግሞ ይጨልማል። ብርሃኑን በልብሱ መጠን ቆልፎ ፊቱን በሪፍሌክተር (ብርሃን መላሽ ሰሌዳ) ማንሳት ያስፈልጋል። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚገኘው ነጭ ፎም ለዚህ ይበቃል። ጊውን ቀዝቃዛ ሻይ ውስጥ ዘፍዝፎ ማድረቅም ነጭነቱን ያለዝበዋል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ያን ጊዜ የቤት ውስጡን መቅረጽ ነው።

ሦስት ጊ ያስፈልጋል፦ ንጹሕ፣ የቆሸሸ፣ ደም የነካው። በደቡብና ምሥራቅ ዳር ያለው ጥቁር ኮትቻ አፈር ሲርስ ሱሪውን ይዞ አይለቅም፤ በአንድ ጊ የጀመረ ቡድን ከሰዓት በኋላ የጠዋቱን ሲን መድገም አይችልም። ልብሱ የሚደራረበው ግራው ከቀኝ በላይ ሆኖ ነው፤ የተገላቢጦሹ በጃፓን የሟች አለባበስ ነው። ካራቴ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያያል።

«ጥቁር ቀበቶ ነጩ በላብና በአቧራ ጠቁሮ የመጣ ነው፤ እሱም መጨረሻው ነው»

ደስ የሚል ተረት ነው። የቀበቶው ሥርዓት ወደ ካራቴ የገባው ከጁዶ ሲሆን ጥቁሩም ሾዳን፣ የመጀመሪያ ደረጃ ማለት ነው። በታሪኩ ውስጥ ሦስት ወር ብቻ ካለፈ ለልጁ ጥቁር ቀበቶ አትስጡት፤ ከነጭ ቀጣዩን አስሩለት። የቀለሙ ቅደም ተከተል ከማኅበር ማኅበር ስለሚለያይ የልጁን አሰልጣኝ መጠየቅ ነው።

«ካራቴ፣ ኩንግ ፉ፣ ቴኳንዶ ያው ናቸው»

ካራቴ ከኦኪናዋ ነው፤ ጊቺን ፉናኮሺ ወደ ቶኪዮ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ኩንግ ፉ የቻይና፣ ቴኳንዶ የኮሪያ ነው። ልጁ የካራቴ ልብስ ለብሶ ፊልሙን ሙሉ የሚሽከረከር የቴኳንዶ እርግጫ ብቻ ቢያሳይ ሰልጣኞች ይስቃሉ። ከካራቴ ስልቶች ሾቶካን ከተመረጠ ሄይያን ሾዳን የሚባለው ካታ (ብቻን የሚሠራ የተወሰነ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል) ለካሜራ ምቹ ነው፦ 21 እንቅስቃሴ ብቻ አለው፣ ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቃል፣ የሚጨርሰውም በጀመረበት ቦታ ነው። መነሻው ላይ ትንሽ ምልክት ያድርጉ፤ ልጁ ከምልክቱ ርቆ ከጨረሰ እርምጃው ተዛብቷል ማለት ነው፣ ቴኩም (ያ አንድ ቀረጻ) ይደገማል። 7 በ7 ሜትር ንጹሕ ቦታ ይበቃዋል።

ጣውላ መስበርን በተመለከተ በብዙ ትምህርት ቤት የዘወትር ልምምድ አይደለም። ፊልሙ ካስገደደ ግን የደረቀ የፈረንጅ ጥድ፣ 30 በ30 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 2 የማይበልጥ ይሁን። የሚሰበረው በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ነው፤ ከጅማቱ ጋር ተሻግሮ የሚመታ እጅ ነው የሚጎዳው። ባሕር ዛፍ አይሞከርም።

«ሣር ላይ ስለሆነ መውደቅ አይጎዳም»

ሣሩ ሥር ድንጋይ አለ፤ ግንባታ አጠገብ ከሆነ ምስማርና ጠርሙስም አለ። ባዶ እግር ለሚሠራ ልጅ ሜዳው በመጥረጊያ፣ ቀጥሎ በእጅ ይፈተሻል። የሚወደቅበት ቦታ ላይ 20 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ፍራሽ ዘርግቶ በጭድ መሸፈን ይቻላል፤ ካሜራው ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ አይታይም። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳው ይቀዘቅዛል፤ ሃያ ደቂቃ ሳያሟሙቁ እግር ማንሳት ጡንቻ ያስበጥሳል። በዚህ ከፍታ ትንፋሽም ቶሎ ያልቃል። ከሦስት ቴክ በኋላ ቢያንስ አራት ደቂቃ እረፍት ካልተሰጠ አራተኛው ላይ ርቀት ይሳታል።

«ዳር ከተማ ነው፣ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ለልጁም ወላጅ ከፈቀደ አለቀ»

ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን በኦሮሚያ ሥር ባለው ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ የተጻፈ ደብዳቤ እዚያ አይበቃም። ድንበር ላይ ያሉ ኮንዶሚኒየሞች በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆኑ ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ድሮንማ ያለ ፈቃድ አይነሳም።

የልጁን ጉዳይ በተመለከተ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት እረፍት ቀንና በሕዝብ በዓል ማሠራትም ክልክል ነው። ብዙ ቡድን ደግሞ የሚቀርጸው ትምህርት በሌለበት እሑድ ነው። ልጁ እየተከፈለው የሚሠራ ከሆነ የእረፍት ቀኑ ከወዲሁ ይወሰን፤ የማታውን ድብድብ ሲንም ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ፣ ሰፊውን ሾት አስቀድሞ መቅረጽና ክሎዝ አፑን በኋላ በመብራት መጨረስ ይቻላል።