ፋስ ኤል ባሊ፦ የሞሮኮዋ ባለ ቅጥር ከተማ

ፋስ ኤል ባሊ («አሮጌዋ ፋስ») በሰሜን ሞሮኮ የምትገኝ፣ በግንብ የታጠረችና መኪና የማይዘልቃት ጥንታዊ ከተማ ናት። በአማርኛ «ፌዝ» ብለው የሚጽፉም አሉ። እዚህ ግን ከቀልዱ ፌዝ ጋር እንዳይምታታ የአረብኛው አጠራር ተይዟል። በአረብኛም ፋስ እንደ እኛው ፋስ የመቁረጫ መሣሪያ ስም ነው፤ መሠረቷ በወርቅ ፋስ ተሰመረ የሚለው አፈ ታሪክም ከዚሁ የተያያዘ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የኢድሪሳውያን ሥርወ መንግሥት መሥራች ቀዳማዊ ኢድሪስ በ789 ከወንዙ በስተቀኝ ቆረቆራት፤ ልጁ ዳግማዊ ኢድሪስ በ809 ገደማ በግራው ዳር ሌላ ከተማ ጨመረ። ከስፔኗ ኮርዶባ የተሰደዱት በቀኝ፣ ከቱኒዚያዋ ቃይራዋን የመጡት በግራ ሰፈሩ። ሁለቱን አንድ ያደረጋቸው በ11ኛው ክፍለ ዘመን የአልሞራቪድ ሥርወ መንግሥት ገዥ ዩሱፍ ኢብን ታሽፊን ነው።

የዛሬ ጎብኚ የሚደነቅበት አብዛኛው ነገር ግን የኋላው ሥርወ መንግሥት የመሪኒዶች ሥራ ነው። በ1276 ፋስ ጅዲድን («አዲሲቱ ፋስ») ከግንቡ ውጭ ገንብተው ቤተ መንግሥታቸውን ወደዚያ አዛወሩ፤ በአሮጌዋ ከተማ ደግሞ መድረሳዎችን (የእስልምና ትምህርት ቤቶችን) በየመስጊዱ አጠገብ አቆሙ። በ1325 የተጠናቀቀው የአጥጣሪን መድረሳ ትንሽ ቢሆንም በጥራት የሚወዳደረው የለም፤ ከታች ዘሊጅ የሚባለው ከባለቀለም ሸክላ ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ጌጥ፣ ከመሐል የተቀረጸ ጀሶ፣ ከላይ የአርዝ እንጨት። ከ1350 እስከ 1355 የተሠራው ቡ ኢናንያ መድረሳም የጁምዓ መስጊድም ስለሆነ የራሱ ሚናራ አለው። ከዚያ ወዲህ ሥልጣኑ ወደ ማራኬሽ፣ ወደ መክኔስ፣ በመጨረሻም ወደ ራባት ሄደ፤ ዕውቀቱ ግን ፋስ ቀረ።

የቀራዊን መስጊድ በ859 በፋጢማ አል ፊህሪ እንደተመሠረተ ይነገራል። ታሪኩን የምናገኘው ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ ነው፤ በእድሳት ጊዜ የተገኘ ጽሑፍ ደግሞ ሥራውን ለአንድ የኢድሪሳውያን ልዑል ይሰጣል። ያለማቋረጥ ሲያስተምሩ ከኖሩት ተቋማት ሁሉ አንጋፋው እንደሆነ ግን በሰፊው ይነገራል፤ «ዩኒቨርሲቲ» ይባል አይባል የሚሉት ይከራከሩ። ሙስሊም ያልሆነ ሰው መስጊዱን ከበሩ ላይ ቆሞ ማየት ይችላል፣ አይገባም። ሁለቱ መድረሳዎች ግን በክፍያ ለሁሉም ክፍት ናቸው።

ጉዞው የሚጀመረው ከምዕራብ፣ በ1913 ከተሠራው ባብ ቡ ጅሉድ ነው፤ የበሩ ውጭ ሰማያዊ፣ ውስጡ አረንጓዴ ነው። ጠለዓ ከቢራ የሚባለውን ዋና መንገድ ይዘው ሲወርዱ ቡ ኢናንያ ወዲያው ይገኛል፤ አጥጣሪንና ቀራዊን ከታች ናቸው። ቀጥሎ መዳብ ቀጥቃጮች የሚሠሩበት የሰፋሪን አደባባይ አለ፤ ከዚያ ወደ ሹዋራ ቆዳ ማልፊያ ጥቂት ደቂቃ ነው። «ባላክ!» ሲባል ግድግዳ መጠጋት ያስፈልጋል፤ የተጫነ በቅሎ ከኋላ እየመጣ ነው ማለት ነው።

ሹዋራ የሚታየው ከቆዳ ሱቆች ሰገነት ላይ ነው። ነጮቹ ጉድጓዶች ኖራ፣ የእርግብ ኩስና ውኃ የያዙ ናቸው፤ ኖራው ጸጉሩን ያላቅቃል፣ ኩሱ ቆዳውን ያለሰልሳል። ባለቀለሞቹ ማቅለሚያ ናቸው። በመግቢያው ላይ የሚሰጠው የናና ቅጠል ለሽታው ነው። ቦርሳ የሚገዛ ሰው እርጥብ ነጭ ሶፍት ያሽበት፤ ቀለሙ ከለቀቀ ልብስም ያበላሻል። ሽታው ያልወጣለት ቆዳም ቤት ገብቶ አይለቅም።

የስልክ ካርታ በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ውስጥ ይስታል፤ ምልክቱ ከግድግዳ ግድግዳ ይዘላል። «ይህ መንገድ ተዘግቷል፣ ላሳይህ» የሚል ወጣት ብዙ ጊዜ ወደ ሱቅ ነው የሚወስደው፤ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መታወቂያ ያሳያል። መንገድ የጠፋበት ቁልቁል ይውረድ፤ ወንዙ ወዳለበት ወደ ርሲፍ አደባባይ ያወጣዋል፤ ሽቅብ ከወጣ ባብ ቡ ጅሉድ ይደርሳል። ዓርብ ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ ለገበያ ሳይሆን ኪነ ሕንፃውን ለማየት ይሻላል። ወደ ላይ መመለስ የከበደው ከርሲፍ ቀዩን ታክሲ ይያዝ፤ ሒሳቡ በቆጣሪ ስለሆነ ቆጣሪው መከፈቱን ከመነሳቱ በፊት ይይ።