የንቁ ጋላክሲዎች የኤክስሬይ መዋዠቅ ምንድን ነው?

አንዳንድ ጋላክሲዎች ከእምብርታቸው የሚወጣው ብርሃን ብቻውን የከዋክብቶቻቸውን ሁሉ ብርሃን ድምር ሊበልጥ ይችላል፤ እነዚህ ንቁ ጋላክሲዎች ይባላሉ። በእምብርታቸው የፀሐይን ሚሊዮን፣ አልፎም ቢሊዮን እጥፍ ግዝፈት ያለው ጥቁር ጉድጓድ፣ ማለትም ከስበቱ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው አካል፣ አለ። «ጥቁር ጉድጓዱ ደመቀ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ግን ልክ አይደለም፤ የሚያበራው ጉድጓዱ ሳይሆን ወደ እሱ እየተሽከረከረ ሲወርድ እየተፋተገ የሚግለው ጋዝ ነው። በሐኪም ቤት ራጅ የምንለው ኤክስሬይ ከዚህ ስፍራ በብዛት ይወጣል፤ መጠኑ በዓመታት፣ በቀናት፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ ከፍና ዝቅ ማለቱ የኤክስሬይ መዋዠቅ ይባላል።

ቁም ነገሩ ያለው በፍጥነቱ ላይ ነው። በደብረ ብርሃን የጥምቀት ዕለት ታቦት አጅቦ የሚሄደው ሕዝብ 340 ሜትር ያህል ከረዘመ፣ ከፊት የተመታው ከበሮ ከኋላ ላሉት የሚሰማቸው አንድ ሴኮንድ ዘግይቶ ስለሆነ፣ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ማጨብጨብ አይችሉም። ብርሃንም በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚጓዝ፣ አንድ አካል ብርሃን ከዳር እስከ ዳሩ ለመድረስ ከሚወስድበት ጊዜ ባጠረ ጊዜ ውስጥ ባንዴ ሊደምቅ አይችልም። እንግዲህ ኤክስሬዩ በ1,000 ሴኮንድ ውስጥ እጥፍ ከሆነ፣ የሚመነጭበት ስፍራ ስፋት ከ300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከመሬት እስከ ፀሐይ ካለው ርቀት እጥፍ፣ ብዙ አይዘልም። የትኛውም የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ለይቶ ሊያሳየው የማይችለውን ስፍራ በሰዓት ለካነው ማለት ነው። ስሌቱ የሚፋለሰው ጋዙ በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ ወደ እኛ ሲወረወር ነው።

ልኬቱ ከመሬት ላይ አይሠራም። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የመንዝ ጓሳ፣ ሰማዩ ምንም ያህል ቢጠራ፣ ይህ ኤክስሬይ በከባቢ አየር ተውጦ ስለሚቀር አይደርስም። ለኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኡሁሩ የተተኮሰችው ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ከጎረቤታችን ከኬንያ ጠረፍ ነበር።

ኤክስሬዩ በአብዛኛው የሚመነጨው ኮሮና ከተባለው፣ ሙቀቱ አንድ ቢሊዮን ዲግሪ ገደማ ከሚደርስ የኤሌክትሮኖች ክምችት ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ ከሥር ከጋዙ ለሚመጣው የአልትራቫዮሌት ብርሃን ኃይል ጨምረው ወደ ኤክስሬይ ይለውጡታል። የጋዙ አወራረድ ወይም የኮሮናው ኃይል ሲለዋወጥ ኤክስሬዩ ይዋዥቃል። ጉድጓዱ በገዘፈ ቁጥር መዋዠቁ ይዘገያል፦ የፀሐይን 10 ሚሊዮን እጥፍ በሚመዝነው ዘንድ ብርሃን የጉድጓዱን ራዲየስ ያህል ለመጓዝ 100 ሴኮንድ ሲበቃው፣ በአንድ ቢሊዮኑ ዘንድ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በዚህም የጉድጓዱን ግዝፈት መገመት ይቻላል።

መዋዠቁ በአብዛኛው ቋሚ ምት የለውም፤ ጂኤስኤን 069 በተባለው ጋላክሲ በየ9 ሰዓቱ ገደማ የታየው ፍንዳታ ከልማዱ የወጣ ነው። የኤክስሬይ መቀነስ ሁሉም የምንጩ መድከም አይደለም፤ ኤንጂሲ 1365 በተባለው ጋላክሲ እንደታየው፣ የጋዝ ደመና በመካከል ሲያልፍ ምንጩ እንደነበረ ሆኖ ኤክስሬዩ ብቻ ሊጋረድ ይችላል።