የጉልበትና የስፖርት ጉዳት ሐኪም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የአጥንት ሐኪም ሥራው ስብራት መጠገን ነው።»
ስብራት የሥራው አንዱ ክፍል ነው። ይኸው ሐኪም ጅማትን፣ ልም አጥንትንና መገጣጠሚያን ያክማል። አሜሪካ ውስጥ ከሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ 5 ዓመት የአጥንት ቀዶ ሕክምና ይማራል፤ በስፖርት ጉዳት ወይም በመገጣጠሚያ ቅየራ ላይ ማተኮር የፈለገ አብዛኛውን ጊዜ 1 ዓመት ሰብ ስፔሻሊቲ (በዚያ ዘርፍ ላይ ብቻ የሚሰጥ ተጨማሪ ሥልጠና) ይጨምራል። ስለዚህ በምን እንደሠለጠነ፣ የእናንተን ዓይነት ቀዶ ሕክምና አዘውትሮ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁት። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

«ራጁ ንጹሕ ከሆነ ጉልበቴ ደህና ነው።»
ብዙ የሰፈር ኳስ ተጫዋች የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። እየሮጠ በድንገት ሲዞር፣ ማንም ሳይነካው ጉልበቱ «ቋ» ይላል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያብጣል። ራጅ ይነሣል፣ አጥንቱ አልተሰበረም። ወለምታ ነው ተብሎ ይታሻል። እብጠቱ ሲጎድል ሜዳ ይመለሳል፤ ጉልበቱ እንደገና ይከዳዋል።

ራጅ ጅማትን አያሳይም። የተበጠሰው የፊት መስቀለኛ ጅማት፣ ማለትም ጉልበት ውስጥ የጭንና የቅልጥም አጥንትን የሚያያይዘው ጅማት፣ ሊሆን ይችላል። የሠለጠነ ሐኪም ጉልበቱን ትንሽ አጠፍ አድርጎ በአንድ እጁ ጭኑን ይይዛል፤ በሌላው ከጉልበቱ በታች ያለውን አጥንት ወደ ፊት ሳብ ያደርጋል። ጤነኛ ጅማት ቶሎ ይገታዋል፣ የተበጠሰ ግን ይለቃል። ጤነኛውንም ጉልበት ስቦ ያነጻጽራል። ከዚያ ኤምአርአይ የተባለው የማግኔት ምስል ጅማቱንም ሜኒስከሱንም (በጉልበት አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለውን ልም አጥንት) ያሳያል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ሜኒስከሱ ነው፤ በሚከዳ ጉልበት መጫወት እሱንም ይቀደዋል። ማሸት ደግሞ የተበጠሰ ጅማት አይቀጥልም።

«ቀዶ ሐኪም ጋ ከሄድኩ መቀደዴ አይቀርም።»
በስዊድን የፊት መስቀለኛ ጅማት የተበጠሰባቸው 121 ወጣቶች ተጠንተው ነበር። በፊዚዮቴራፒ ከጀመሩት ግማሽ ያህሉ በ5 ዓመት ውስጥ የጅማት ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም። መዞርና መታጠፍ ወደሚበዛበት ስፖርት መመለስ ለሚፈልግ ወይም ጉልበቱ ለሚከዳው ግን ቀዶ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ይመከራል። ጥሩ ሐኪም በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምን መሥራት እንደምትፈልጉ ነው።

«ሩጫ ጉልበት ይበላል።»
ለጤና የሚሮጡ ሰዎች ላይ የተሰበሰቡ ጥናቶች ይህን አይደግፉም። በ2017 በወጣ ትንተና የመገጣጠሚያ ብግነት የታየው ከእነሱ በ3.5 በመቶው፣ ከማይሮጡት ደግሞ በ10.2 በመቶው ላይ ነው። በውድድር ደረጃ በሚሮጡት ላይ ግን ቁጥሩ ከፍ ይላል።

«ሰው ሠራሽ ጉልበት 10 ዓመት አይቆይም።»
ከ100 ሙሉ የጉልበት ቅየራዎች 82 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ተገምቷል።

«የተበጠሰው የጉልበት ጅማት በቀዶ ሕክምና ከተሠራልኝ በ3 ወር እጫወታለሁ።»
አዲሱ ጅማት ብዙውን ጊዜ ከራስ ሰውነት የተወሰደ ነው፤ ደም ሥር አብቅሎ እስኪጠነክር ወራት ይፈልጋል። ሕመሙ ቀድሞ ስለሚጠፋ ሰው ይታለላል። ከ9 ወር በፊት ወደ ሜዳ መመለስ እንደገና የመጎዳት ዕድልን በእጅጉ ይጨምራል። 9 ወር ሞላ ማለት ብቻም አይበቃም፤ የጭኑ ጡንቻ ጥንካሬ ይለካል፣ በአንድ እግር የሚዘልለው ርቀት ከጤነኛው እግር ጋር ይነጻጸራል።