የጦር ሜዳ ማሳያ ጠረጴዛ፤ በአዲስ አበባ ዳርቻ አሠራሩና አቀራረቡ

የጦር ሜዳ ማሳያ ጠረጴዛ አንድ ውጊያ የተካሄደበትን መሬት አሳንሶ የሚያሳይ፣ በላዩም ጥቃቅን ምስለ ወታደሮች የሚሰለፉበት ሥራ ነው። ሚኒየቸር ዋርጌም የተባለው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ የሚካሄደው በእንዲህ ያለ ጠረጴዛ ላይ ነው። በዐውደ ርእይ ላይ ሁለት መልክ ይዞ ይቀርባል። አንደኛው ለዕይታ ብቻ ነው፤ ጎብኚው ዞሮ ያየዋል እንጂ አይነካውም። ሁለተኛው አሳታፊ ነው፤ ጎብኚው ራሱ ዳይስ ጥሎ፣ በሜትር ለክቶ ጦሩን ያንቀሳቅሳል። በጦር ትምህርት ቤቶች የሚታወቀው የአሸዋ ገበታ የቅርብ ዘመዱ ነው።

ጠረጴዛውን ሰው የሚያደንቀው በወታደሮቹ ቀለም ነው፤ ጥራቱ የሚለካው ግን በመሬቱ ነው። አንድ ጦር ለምን በዚያ ሸለቆ እንደገባ፣ ለምን ከጎኑ ያለው ወገኑ እንዳልደረሰለት መሬቱ ካላስረዳ፣ በላዩ የቆመው ሰልፍ የሱቅ መስኮት ጌጥ ይሆናል።

አመጣጡ

የፕሩሲያው ባሮን ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1812 ለንጉሡ ያቀረበው የጦርነት ጨዋታ ትልቅ ጠረጴዛ ነበር፤ መሬቱ እየተነሣ ቦታው በሚቀያየር ካሬ የተሠራ ነው። ልጁ በ1824 ጨዋታውን ወደ 1፡8,000 ካርታ አዛወረው፤ መኮንኖቹም ካርታውን መረጡ። ጠረጴዛው ከጊዜ በኋላ በሲቪሎች እጅ ተመለሰ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 በአሻንጉሊት ወታደሮች ለሚካሄድ ጨዋታ ደንብ አሳተመ፤ ለንደን ውስጥ ሳሉት የተባለው ዐውደ ርእይ ደግሞ የተጀመረው በ1972 ነው። ዛሬ ሱሉልታ ወይም ገላን ላይ ተቀምጦ ጠረጴዛውን በካሬ ከፋፍሎ የሚሠራ ሰው የሚከተለው ያንኑ የ1812 ዘዴ ነው።

መሬቱ ይቅደም

ለእኛ አንባቢ ከአድዋ የተሻለ ማስረጃ የለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል የጣልያን ጦር በአራት ብርጌድ ተከፍሎ ከምሥራቅ ወደ አድዋ ይገሠግስ ነበር፤ በግራ አልበርቶኔ፣ በመሀል አሪሞንዲ፣ በቀኝ ዳቦርሚዳ፣ በተጠባባቂነት ኤሌና። አልበርቶኔ እንዲይዝ የታዘዘው ኮረብታ በጣልያን ጦር ዋና አዛዥ በባራቲየሪ ንድፍ ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈውን ነበር። የአገሩ ሰው እንዳ ኪዳነ ምሕረት የሚለው ኮረብታ ግን ከዚያ ኪሎ ሜትሮች ወደ ፊት ነው። ብርጌዱ ስሙን ተከትሎ ሄደና ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ፊት ተገኘ። ዳቦርሚዳ ደግሞ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ወርዶ ከመሀሉ ጦር ተቆረጠ።

ይህን የሚያሳይ ጠረጴዛ ሁለቱ ኮረብቶች ለምን እንደተምታቱ፣ በመካከላቸው ያለው ሸንተረርም እንዴት ዐይን እንደሚጋርድ ማስረዳት አለበት። ፈተናው ቀላል ነው። ጎንበስ ብሎ ዐይንን ከምስለ ወታደሩ ቁመት ጋር ማስተካከልና ከአልበርቶኔ ቦታ ወደ አሪሞንዲ ማየት ነው። ሁለቱ ያለ ችግር የሚተያዩ ከሆነ ጠረጴዛው ስለ ውጊያው ሐሰት እየተናገረ ነው፤ ሸንተረሩ እንደገና ይሠራል።

ልኬቱ ከዚህ ይመጣል። የተለመደው ጠረጴዛ 180 በ120 ሳንቲ ሜትር ነው። የሰው ክንድ ከጠርዝ ወደ ውስጥ እንደ ልብ የሚደርሰው 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከ120 የሰፋ ጠረጴዛ መሀሉ ላይ የወደቀ ወታደር ለማንሣት ክንድ ተራራውን ይደፈጥጣል። 180 ሳንቲ ሜትሩ 12 ኪሎ ሜትር እንዲወክል ከተፈለገ 1 ሳንቲ ሜትር 67 ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ስሌት 500 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ 7.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ጉብታ ይመስላል። ስለዚህ ከፍታው በሁለት ተባዝቶ 15 ሳንቲ ሜትር ይደረጋል። በሦስት ማባዛት ግን ስሕተት ነው፤ ገደሉ ከመጠን በላይ ቀጥ ይልና እግረኛ የወጣበት ቦታ ሊወጣ የማይችል ይመስላል፣ ምስለ ወታደሩም አይቆምበትም።

አቅጣጫውም ይታሰብበት። በተለመደው የአድዋ ሥዕል የኢትዮጵያ ጦር በግራ፣ ጣልያን በቀኝ ይሰለፋል። ሰሜንን ወደ ላይ አድርጎ ለሚሠራ ሰው ካርታው ይህንኑ ይሰጠዋል፤ አድዋ በምዕራብ፣ ጣልያን የመጣው ከምሥራቅ ነውና። ጎብኚው በደቡቡ ጠርዝ ቢቆም ከልጅነቱ የሚያውቀው ሥዕል መሬት ላይ ተዘርግቶ ያገኘዋል። መግለጫ ጽሑፉ መቀመጥ ያለበት በዚሁ ጠርዝ ነው።

መሬቱን በእግሩ ሄዶ ማየት ለሚፈልግ ጀማሪ ሰገሌ ይቀርባል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የንጉሥ ሚካኤል ጦርና የሸዋ ጦር የተዋጉበት ሜዳ ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳነቱ ሥራውን ያቀልላል፤ የሚጠይቀው ቀጭን የመሬት አነሣስና ዝቅታን ማስተዋል ብቻ ነው።

አሠራሩ

በኮዬ ፈጬ ወይም በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አሳንሰር በሌለበት ደረጃ ላይ 180 ሳንቲ ሜትር ያለው ወጥ ጠረጴዛ አይታጠፍም፤ ሚኒባስም አይጭነውም። ስለዚህ ሥራው 60 በ60 በሆኑ ስድስት ካሬዎች ይከፈላል። 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ኮምፔልሳቶ ስምንት ካሬ ይወጣዋል፤ ሁለቱ መጠባበቂያ ይሆናሉ። ውፍረቱ 9 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ቺፑድ ይረክሳል፤ ነገር ግን ከብዶ ቡሎን የገባበት ጠርዝ ይፈረፈራል፣ ውሃ ሲነካውም ያብጣል። ከሥሩ 2 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ክፈፍ ይመታል።

ከሁሉ በፊት የኮምፔልሳቶው ሁለቱም ገጽ ቀለም ይቀባል። ይህን የዘለለ ሰው በሳምንቱ የተንጋደደ ካሬ ያገኛል፤ ምክንያቱም በላይ በኩል የሚፈስሰው ኮላና ጄሶ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ታችኛው ገጽ ግን ባለበት ይቀራል። ጎን ለጎን የሚቆሙ ካሬዎች ክፈፋቸው በሞርሳ ተጣብቆ አብረው ይበሳሉ፤ በየመገናኛው ሁለት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከሰፊ ሮንዴላ ጋር ይገባል። ለየብቻ የተበሳ ቀዳዳ በ2 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ እንኳ ወንዙ መገናኛው ላይ ይሰበራል።

ተራራው የሚሠራው ከቴሌቪዥንና ከፍሪጅ ካርቶን ከሚወጣው ነጭ ስታይሮፎም ነው። አዲስ ከመግዛት በፊት ምናለሽ ተራን ማየት ያዋጣል። ቆረጣው በካተር ይቻላል፤ ግን ፎሙ ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪውም በኤሌክትሪክ ስበት እጅና ልብስ ላይ ይለጠፋል። የጋለ ሽቦ ጠርዙን ንጹሕ ያደርገዋል። ለምድጃ የሚሸጠው የሬዚስታንስ ሽቦ ተዘርግቶ በእንጨት ቅስት ላይ ይወጠርና ከ12 ቮልት በማይበልጥ ባትሪ ይሠራል። ሽቦው መቅላት የለበትም፤ ከቀላ ርዝመቱ ይጨመር። ከግድግዳ ሶኬት ጋር በቀጥታ ማገናኘት ይገድላል። ጭሱም መርዛማ ስለሆነ ሥራው በደጅ ወይም በተከፈተ በረንዳ ይሁን።

ንብርብሮቹ የሚጣበቁት በነጭ የእንጨት ኮላ ነው። ማስቲሽና ቤንዚን ያለበት ማጣበቂያ ሁሉ ፎሙን ይበላዋል፤ የሚረጭ የቆርቆሮ ቀለምም እንዲሁ። አንድ ምሽት የተረጨ ቀለም የሳምንት ሥራ ወደ ወንፊት ይለውጣል። ነጭ ኮላ ግን የራሱ ችግር አለው፤ በሁለት ፎም መካከል አየር ስለማያገኝ መሀሉ ለቀናት እርጥብ ይቆያል። መፍትሔው በስሱ መቀባት፣ ንብርብሮቹን በስቴኪኒ መውጋት፣ ከላይ ክብደት ጭኖ ማሳደር ነው። በበጋ 24 ሰዓት ይበቃል። በክረምት፣ በተለይ እንደ ሱሉልታ ባለ ብርዳም ቦታ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማፋጠን እንጨቱን ያጣምማል፤ ጥላና ነፋስ ይሻላል።

ቆዳው ጄሶ ነው። በመጀመሪያ የሶፍት ቁራጭ በእኩል ውሃ በቀጠነ ኮላ እየራሰ ይለበጣል። ከዚያ በመጠን ሁለት እጅ ጄሶ በአንድ እጅ ውሃ ላይ እየተነሰነሰ ይበጠበጣል፤ ውሃውን በጄሶው ላይ ማፍሰስ እብጠት ይፈጥራል። በሩብ ሰዓት ውስጥ ስለሚጠነክር የሚበጠበጠው በትንሽ በትንሹ ነው። ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር አይለፍ። አንድ ካሬ ከ5 ኪሎ በላይ ከመዘነ ጄሶው በዝቷል፤ ከባድ ካሬ ደግሞ በኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ነው።

የላዩ አፈር የታጠበና በወንፊት የተነፋ አሸዋ ነው። ያልታጠበ አሸዋ ትቢያው ኮላውን ስለሚጠጣው በእጅ ሲዳሰስ ይረግፋል። አሸዋው ከተነሰነሰ በኋላ አንድ እጅ ኮላ በሦስት እጅ ውሃ ተበጥብጦ፣ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ተጨምሮበት ይረጫል፤ ያለ ሳሙናው ውሃው ይንከባለላል እንጂ አይሰርግም። ለገደል ሬድ አሽ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ጠጠር ተወዳዳሪ የለውም፤ ቀላል ነው፣ ስብራቱም ቋጥኝ ይመስላል።

ቀለሙና ዛፉ

በብዛት የሚበላሸው እዚህ ነው። እንጦጦን እያየ የሚሠራ ሰው እጁ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። የአድዋ ውጊያ የተካሄደው ግን በየካቲት ነው፤ ሣሩ ገለባ መስሏል፣ መሬቱ ተራቁቷል። መሠረቱ ጥቁር ቡናማ ሆኖ፣ በላዩ ደረቅ በሚባል ብሩሽ ሁለት ጊዜ እየደመቀ የሚሄድ ቡናማና የገለባ ቀለም ይዳሰሳል። ሰገሌ ተቃራኒው ነው። ጥቅምት ክረምቱ የወጣበት ወቅት ስለሆነ እርሻው ቆሞ፣ ሣሩ ለምልሞ መታየት አለበት። ወሩን ያላየ ሠዓሊ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል።

ባሕር ዛፍ በአድዋ ጠረጴዛ ላይ አይተከልም። ዛፉ ለአዲስ አበባ ማገዶ እንዲሆን የገባው ከጦርነቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ በትግራይ ተራሮች ላይ ያኔ አልነበረም። ግራር፣ ወይራና ቁልቋል ይበቃሉ። የደረቀ ጦስኝ ግንዱ ጠማማና ቅርንጫፉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ለትንሽ ዛፍ ጥሩ አጥንት ይሆናል። ሣሩ ቀለም ከተነከረ ሰጋቱራ ይሠራል። ጤፍና እብቅ ለድንጋይና ለጭድ በመልካቸው ይማርካሉ፤ ነገር ግን አይጥ ይጠራሉ፣ ስለዚህ ይቅሩ።

ምስለ ወታደሮቹ

የተለመዱት ቁመቶች 28፣ 15 እና 6 ሚሊ ሜትር ናቸው። ለአድዋ ምርጫውን ቁጥሩ ይወስናል። የጣልያን ጦር 17,700 ገደማ ሰውና 56 መድፍ፣ የኢትዮጵያ ጦር ወደ 100,000 ይገመታል። አንድ ምስል 100 ሰው ቢወክል 177 ለ1,000 ነው። ሺህ ባለ 28 ሚሊ ሜትር ወታደር ተራራውን ሸፍኖ ያጠፋዋል። በ6 ሚሊ ሜትር ግን ዐሥር ዐሥሩ 4 በ2 ሳንቲ ሜትር መቆሚያ ላይ ቢለጠፉ መቶ መቆሚያ ብቻ ይሆናሉ፣ መሬቱም ይታያል። አንድ የመድፍ ምስል አራት መድፍ ቢወክል ለጣልያን 14 ይበቃል። በስሪዲ ፕሪንተር የሚያትም ሰው መብራት ሲቋረጥ ኅትመቱ ከመሀል እንደሚበላሽ ያውቃል፤ ባትሪ ያለው መጠባበቂያ ያስፈልጋል። በአንዳንዱ ፕሪንተር የሚገባው ፈሳሽ ፕላስቲክ፣ ሬዚን፣ ሳይደርቅ በባዶ እጅ አይነካም።

በአዳራሹ

ካሬዎቹ የሚጓዙት እንደ መጽሐፍ ቆመው፣ በመካከላቸው ከተራራው ከፍታ የሚበልጥ ክፍተት ባለው የእንጨት ሣጥን ነው። ምስለ ወታደሮቹ በተለየ ሣጥን ይሄዳሉ፤ ከመቆሚያቸው ሥር ማግኔት፣ ከሣጥኑ ወለል ላይ ቆርቆሮ ይለጠፋል። ከተማ ዳርቻ ያለው የወጣት ማዕከል ወይም የትምህርት ቤት አዳራሽ ወለሉ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ውሃ ልክ፣ ከእግር ሥር የሚገባ ስስ ሽብልቅና ለገጠማ አንድ ሙሉ ሰዓት መያዝ ተገቢ ነው። የጠረጴዛው ከፍታ 75 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ልጆች ያያሉ፤ 90 ቢሆን አዋቂው ሳያጎነብስ ሸለቆውን ያያል። ለዕይታ ብቻ ከሆነ 90 ይመረጣል፣ ለልጆችም መወጣጫ ይቀመጣል።

ሁለት ሰው ግድ ነው፤ አንዱ ጨዋታውን ይመራል፣ ሌላው ፊቱን ወደ ጎብኚው አድርጎ ያስረዳል። ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ሲይዝ ጎብኚው የሚያየው ጀርባ ነው። አሳታፊ ጨዋታ ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፤ ደንቡም በአንድ ገጽ ይለቅ። ለዚያ የአድዋን ውጊያ ሙሉውን ማጫወት አይቻልም፤ የዳቦርሚዳን ሸለቆ ብቻ ለይቶ በአራት ተጫዋች ማቅረብ ይቻላል። መግለጫው በአማርኛ፣ ከአንድ ሜትር ርቀት በሚነበብ ፊደል ይጻፍ፤ የኮረብቶቹ ስም መሬቱ ላይ በትንሽ ሰሌዳ ይተከል። መብራቱ ከጎን ቢመጣ ሸንተረሩ ጥላ ይጥላል፣ መሬቱ ይነበባል። ከጣሪያ ብቻ የሚመጣ መብራት ተራራውን ዝርግ ያደርገዋል። ስለዚህ ባትሪ ያላቸው ሁለት የኤልኢዲ መብራቶች በምሥራቁ ጠርዝ ይቆማሉ፤ ውጊያው የተጀመረው በማለዳ ነውና ጥላው ወደ አድዋ ይወድቃል።

ዐውደ ርእዩ ሲያበቃ ካሬዎቹ ከመታሸጋቸው በፊት አቧራቸው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፣ የተላጠ ጠርዝ በዚያው ቀን ይጠገናል። በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ግን በክረምት ሻጋታ ያመጣል። በአቡጀዲ ሸፍኖ፣ ከወለል 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ ማቆም ይበቃል፤ በሐምሌና በነሐሴም በየሁለት ሳምንቱ አውጥቶ ማናፈስ።