የአሰልጣኝነት ፍልስፍና ምንድን ነው?

አንድን የታዳጊ እግር ኳስ አሰልጣኝ «ፍልስፍናህ ምንድን ነው?» ብትሉት አብዛኛውን ጊዜ አሰላለፍ ይነግራችኋል። «4-3-3 ነው የምጫወተው» ይላል። ወይም «ኳስ መሥርተን ነው የምንወጣው»። ይሄ የአጨዋወት ስልት ነው። ፍልስፍናው ከዚያ በፊት ይመጣል። አሰልጣኙ ልጆቹን ለምን እንደሚያሰለጥን፣ ሁለት ጥሩ ነገሮች ሲጋጩበት ደግሞ የትኛውን እንደሚያስቀድም አስቀድሞ የቆረጠው ነገር ነው።

ከ13 ዓመት በታች የሆነ የደሴ ቡድን ኮምቦልቻ ወርዶ እየተጫወተ ነው እንበል። ውጤቱ 1 ለ 1፣ የቀረው 10 ደቂቃ። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ኳስ ያልነካ አንድ ትንሽዬ ልጅ አለ። «ኮች፣ እኔስ?» ይላል። ይግባ ወይስ ይቅር? ማሸነፍም ጥሩ ነው፣ ልጁ መጫወቱም ጥሩ ነው። መልሱን እዚያው፣ ደጋፊ እየጮኸበት የሚፈልግ አሰልጣኝ ለውጤቱ መወሰኑ አይቀርም። እኔ በዚህ ዕድሜ ልጁ ይግባ ባይ ነኝ። በተቃራኒው የሚያምን አሰልጣኝም ቢሆን፣ ለልጆቹና ለወላጆች ቀድሞ ከነገራቸው ፍልስፍና አለው።

ጉዳዩን ይበልጥ የሚያከብደው የልጆች ዕድገት እኩል አለመሆኑ ነው። ወንድ ልጅ ቁመቱ ቶሎ ቶሎ የሚጨምረው በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ ላይ ነው። ግን አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። ጺሙ ያቀመቀመ ልጅና ገና የሕፃን ፊት ያለው ልጅ ሁለቱም የእውነት 13 ዓመታቸው ሊሆን ይችላል። ግዙፉን ፊት ላይ አቁሞ ረጅም ኳስ መጣል ዘንድሮ ዋንጫ ያስገኝ ይሆናል። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ሌሎቹ ይደርሱበታል። ያኔ በጉልበት አይበልጣቸውም፤ ኳስ መቆጣጠርም አልተማረም። ትንሹ ደግሞ ወንበር ሰልችቶት ኳስ ካቆመ ቆይቷል። በአንድ ዋንጫ ሁለት ልጅ ተበላሸ ማለት ነው።

የትውልድ ወር እንኳ ለውጥ አለው። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ታዳጊዎች ሲመረጡ በጥቂት ወራት የሚበልጡት በብዛት እንደሚያልፉ ያሳያሉ። ትልቅ ሆኖ መታየትና ጎበዝ መሆን ለዓይን ይመሳሰላሉ።

ዕድሜ መቀነስ ሲጨመርበት ነገሩ ይብስበታል። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ፊፋ በ2009 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያ ላይ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት ዕድገት በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ የሕክምና መሣሪያ) ማስመርመር የጀመረው ለዚሁ ነው። ሰፈር ሜዳ ላይ ኤምአርአይ የለም፤ ያለው የአሰልጣኙ አቋም ነው። ልጁ 16 እንደሞላው እያወቀ ከ13 በታች ያሰልፈዋል? «ሁሉም ያደርገዋል» ይባላል። ይባል እንጂ፣ የሚገባው በአንድ የእውነት የ13 ዓመት ልጅ ቦታ ነው።

የሌላ አገር ፍልስፍና እንዳለ አይቀዳም። የሆላንዱ አያክስ ታዳጊ ሲመለምል የሚያያቸው አራት ነገሮች ይታወቃሉ፤ ቴክኒክ፣ ጨዋታ ማንበብ፣ ስብዕና እና ፍጥነት። ቁመት የለበትም። ይሄን መውሰድ ይቻላል። የሜዳቸውን ሣር ግን ከየት እናመጣለን? ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። ልጆች የሚያገኙት ሜዳ ብዙ ጊዜ ወይ ጠባብ ነው፣ ወይ ያዘመመ፣ ወይ ጠጠር የበዛበት። ጠባብነቱ ለታዳጊ ያን ያህል ክፉ አይደለም። በአሜሪካ ፌዴሬሽን ደንብ እንኳ ከ8 ዓመት በታች ያሉት 4 ለ 4 (በአንድ ቡድን አራት ልጅ ሆነው)፣ ከ10 በታች 7 ለ 7፣ ከ12 በታች 9 ለ 9 ነው የሚጫወቱት። ትልቅ ሜዳ ላይ 22 ሆነው ሲሯሯጡ ኳስ ሳይነካ ቤቱ የሚገባ ልጅ አይጠፋም። 4 ለ 4 ሲሆን ግን መደበቂያ የለም። ሜዳውን በድንጋይ ጎል ለሁለት ለሦስት መክፈል ነው።

ሌላው የአየሩ ነገር ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ሙቀቷም ሌላ ነው። ከብርድ ለወረደ ልጅ የውሃ እረፍት ያስፈልገዋል።

የወሎን ኑሮ የማያውቅ ፍልስፍና ደግሞ ወረቀት ላይ ይቀራል። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ቅዳሴ አለ። ረመዳን ሲገባ የቡድኑ ብዙ ልጅ ውሃ ሳይቀምስ ይውላል። «ልምምድ ያልመጣ አይሰለፍም» የሚለው ደንብ ይሄን ሳያስብ ከወጣ ልጆችን በእምነታቸው ይቀጣል። በጾም ሰሞን ልምምዱ ይቅለል ወይስ ሰዓቱ ይቀየር? ታኬታ የሌለው ልጅስ ይጫወታል? እነዚህ ከ4-3-3 በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች ናቸው።

ለጀማሪ አሰልጣኝ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ይበቃዋል። የልጆቹን ወላጆች የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር ሰብስቦ ያንብብላቸው፤ ከሽንፈት በኋላ ከሆነ ማመካኛ ይመስላል። ከዚያ አንድ ደብተር ይግዛና በየጨዋታው እያንዳንዱ ልጅ ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ ይመዝግብ። ወረቀቱ «ለሁሉም ልጅ እኩል ዕድል» እያለ ደብተሩ ላይ ሦስት ልጆች በስድስት ጨዋታ 10 ደቂቃ እንኳ ካልሞሉ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታውን የሚጀምሩት እነሱ ናቸው።