ርብቃ ወርቁን ያገኘችው ግመሎቹን ካጠጣች በኋላ ነው

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ልጆች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

ነሐሴ 16 ጾመ ፍልሰታ ተፈትቶ የላስታ ልጃገረዶች ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ አሸንድዬውን ወገባቸው ላይ አስረው ሲወጡ ዓይን ይበዛባቸዋል። ደሴም በጥር ሠርግ ከባለጸጋ ልጆች ጋር አንድ ጠረጴዛ መቀመጥ የጀመረች ልጅ እንዲሁ ናት። ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ሐብል አጥልቃለች፤ ፎቶ በተነሣች ቁጥር እጇ መቆለፊያውን ይዳብሳል። ማማር ኃጢአት አይደለም፤ ቀሚስ ብቻ እያዩ የሚቆጡ ሰባክያን ነገር አይገባኝም። የሚያሳስበኝ ሐብሉን የራሷ ለማድረግ ስትል ማንን እሺ እንደምትል ነው።

ዘፍጥረት 24ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ለጌታው ልጅ ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ የሄደው የአብርሃም ሎሌ ርብቃን ጥቂት ውኃ ለመናት። ርብቃ እርሱን አጠጥታ ሳትጠየቅ ለግመሎቹም ልቅዳ አለች። ግመሎቹ አሥር ናቸው። ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል ያየ ሰው ይህን ይረዳል፤ የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ ከ100 ሊትር በላይ ሊጠጣ ይችላል። እንስራ ተሸክማ ስትመላለስ ሰውየው ዝም ብሎ ይመለከታት ነበር። የማን ሎሌ እንደሆነ አታውቅም፤ ወርቁም ገና አልወጣም።

ወንድሟ ላባ ግን ሮጦ የተቀበለው ወርቁን እጇ ላይ ካየ በኋላ ነው። ወላጆች፣ ይህቺን ቁጥር አትዝለሏት።

ሎሌው ማዕድ ሲቀርብለት «ነገሬን እስክናገር ድረስ አልበላም» አለ። የእኛ ሽማግሌዎችስ የመጡበትን ሳይናገሩ መች ይቀመጣሉ? ስለዚህ ልጅቷን በየሆቴሉ እየጋበዘ ዓመት የሚያቆያት፣ «ሽማግሌ ላክ» ሲባል የሚቆጣ ሰው የመጣበትን ደብቋል ማለት ነው። የንስሐ አባቷ ይወቁት።

ቤተሰቡም መጨረሻ ላይ ርብቃን ጠርተው «ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን?» አሏት፤ «እሄዳለሁ» አለች። በእኛ አገር የመኳንንት ቤት ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ዘሎታል። የአምባሰሏ እቴጌ መነን በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪን ከማግባታቸው በፊት የነበሩት ትዳሮቻቸው በቤተ ዘመድ የተቆረጡ ነበሩ። ዛሬም ሽማግሌ ፊት አቁሞ መጠየቅ እንደ መጠየቅ አይቆጠርም፤ አባቷ እያያት ማን «እምቢ» ይላል? እንግዶቹ ቡናቸውን ጠጥተው ከሄዱ በኋላ እናቷ ለብቻዋ ትጠይቃት፤ «አልሄድም» ብትልም ቤቱ እንደማይቀየማት አስቀድማ ትንገራት።